አምስት ፓውንድ ብቻ ብሎ የጀመረው መምህር፦ የፊሊፕ ግሪርሰን የባይዛንታይን ሳንቲሞች ጉዳይ

የጥንት ሳንቲም መሰብሰብ የጀመረ ሰው የሚጠይቀው ይታወቃል። ምን ልግዛ? ስንት ያወጣል? ነገ ዋጋው ይጨምራል ወይ? ለእነዚህ አንድ በአንድ ከመመለስ የአንድን ሰው ጉዳይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብናወራ ይሻላል ብዬ ነው።

ሰውየው ፊሊፕ ግሪርሰን ይባላል። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የመካከለኛው ዘመን ታሪክ መምህር ነበር። ሚሊየነር አልነበረም። በ34 ዓመቱ አንዲት የመዳብ ሳንቲም አገኘ፤ በ95 ዓመቱ ሲሞት ከ20,000 በላይ ሳንቲሞች ለሙዚየም ትቶ ሄደ። በመሀል ደግሞ ዋሽንግተን ዲሲ ለሚገኝ ተቋም በዓለም ላይ አንደኛ የሚባለውን የባይዛንታይን፣ ማለትም መናገሻው ቁስጥንጥንያ የነበረው የምሥራቅ ሮም መንግሥት፣ ሳንቲም ስብስብ አደራጀ። ቁጥሩ ያስደንቃል፣ እሺ። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው፦ የጀመረበትን ነገር፣ የራሱን የባይዛንታይን ስብስብ፣ በ1956 ጠቅልሎ መልቀቁ። ይሄ ጽሑፍ የሚዞረው እዚያች ውሳኔ ዙሪያ ነው።

(ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የእኛ ሲሆን እናገራለሁ።)

ከአባቱ ዕቃ መሀል

ግሪርሰን በ1910 ደብሊን፣ አየርላንድ ተወለደ። በ1929 ካምብሪጅ፣ ጎንቪል ኤንድ ኪዝ ኮሌጅ የገባው ሕክምና ሊማር ነበር፤ ግን ብዙም ሳይቆይ ወደ ታሪክ ዞረ። በ1935 የኮሌጁ ፌሎው፣ ማለትም ቋሚ ምሁር አባል፣ ሆነ፤ ከዚያ እስኪሞት ድረስ ኮሌጁን አልለቀቀም፣ ሰባ ዓመት ማለት ነው። ትዳር አልያዘም። እርጅና እስኪጫነው ስኳሽ ይጫወት ነበር፣ የሳይንስ ልቦለድና የአስፈሪ ፊልም ወዳጅ ነበር። ስለ ሳንቲም ሰብሳቢ ስናስብ የምንስለው አቧራ የለበሰ ሽማግሌ አልነበረም ለማለት ያህል ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ1944 ገና ሰሞን ነው። ደብሊን ቤተሰቡ ጋ ሄዶ የአባቱን ቁርጥራጭ ዕቃ ሲያገላብጥ አንዲት የባይዛንታይን የመዳብ ሳንቲም አገኘ። የንጉሠ ነገሥት ፎካስ ናት።

ፎካስ ማን ነው? በ602 ንጉሠ ነገሥት ሞሪስን ከነልጆቹ አስገድሎ ቁስጥንጥንያ ላይ ዙፋን የያዘ ወታደር ነው። ስምንት ዓመት ገዛ፤ በ610 ከካርቴጅ በመርከብ የመጣው ሄራክሊየስ ገልብጦ አስገደለው። ሄራክሊየስን እኛ በደንብ እናውቀዋለን። የዐቢይ ጾም የመጀመሪያዋ ሳምንት ጾመ ሕርቃል የምትባለው በእሱ ስም ነው፣ መስቀሉን ከፋርስ ያስመለሰው ንጉሥ። እንግዲህ ግሪርሰን እጁ የገባችው ሳንቲም ሕርቃል የገለበጠው ሰው የተሣለባት ናት።

አንድ የታሪክ መምህር እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ መጀመሪያ የሚመጣለት ተማሪዎቹ ናቸው። ስለ 7ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ሰዓት ሙሉ ከማውራት ያን ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የነበረ ብረት ክፍል ውስጥ ማዟዟር ይሻላል። ስለዚህ በ1945 መጀመሪያ ለንደን ውስጥ ስፒንክ ወደሚባለው የቆየ የሳንቲም ነጋዴ ቤት ሄደ። ሰብሳቢ አይደለሁም፣ ሰብሳቢ የመሆን ሐሳብም የለኝም፣ ለትምህርት የሚሆኑኝ ጥቂት ሳንቲሞች እፈልጋለሁ፣ ከአምስት ፓውንድ በላይ አላወጣም አለ።

እንዲህ ብሎ የገባ ሰው ምን እንደሚሆን ነጋዴዎቹ ያወቁ ይመስለኛል።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ስብስቡ በሺዎች ይቆጠር ጀመር። ይሄ እንዴት ይሆናል ብላችሁ እንዳትቸኩሉ፤ ጊዜውን ማየት ያስፈልጋል። ጦርነቱ ገና ማለቁ ነው። ወደ ጥንት ሳንቲም ፊቱን የሚያዞር ገዢ ብዙ አልነበረም፣ የነበረውም ዓይኑ ግሪክና የጥንቷ ሮም ላይ ነበር። የግሪክ ብር ያምራል፣ የሮሙ ንጉሥ የኔሮ ፊት ሥጋ ለብሶ የቆመ ይመስላል። የባይዛንታይን መዳብ ግን? ፊት የሚመስል ነገር፣ አንድ ትልቅ ፊደል፣ ዙሪያውን ግማሹ የጠፋ ጽሑፍ። ‹‹የወደቀ ጥበብ›› ይሉት ነበር። ሰው የናቀውን ዕቃ ደግሞ ደመወዝተኛም ይደርስበታል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ነጥቤ ይሄ ነው፣ ብዙ ሰው የሚዘለው፦ ግሪርሰን ገበያውን ቀድሞ አላነበበም። ዋጋው ይወጣል ብሎም አልገዛም። የሚፈልገው ነገር ሌላው የማይፈልገው ሆኖ ተገኘ፣ የሚፈልግበትን ምክንያትም ያውቅ ነበር። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ነው ስብስብ የሚወለደው።

አንድ ትልቅ ፊደል ምን ይናገራል

እዚህ ትንሽ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ሳንቲሞቹን ሳያውቁ ጉዳዩን መረዳት አይቻልም።

የባይዛንታይን ሳንቲም ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከአናስታስዮስ ነው። በ498 አካባቢ ይሄ ንጉሠ ነገሥት የመዳቡን ገንዘብ አስተካከለ። ከዚያ በፊት ገበያ ላይ የነበረው ኑሙስ የሚባል ኢምንት የሆነ ሳንቲም ነበር፣ ከጣት ጥፍር የማይበልጥ፣ ሰው በከረጢት አስሮ የሚከፍለው። አናስታስዮስ ዋጋቸው ጀርባቸው ላይ በግሪክ ፊደል ቁጥር የተጻፈባቸው ትልልቅ ሳንቲሞች አወጣ። ኤም 40 ኑሙስ፣ ካፓ 20፣ አዮታ 10፣ ኤፕሲሎን 5። የግሪኩን የፊደል ቁጥር ለማያነብ ግራ ይገባል፣ ለእኛ ግን ያን ያህል እንግዳ አይደለም፤ የግዕዝ ቁጥሮቻችን ራሳቸው ከዚያው የግሪክ ፊደል ቁጥር የወጡ ናቸው።

ከፊደሉ ሥር የከተማ ስም አለ። ቁስጥንጥንያ፣ ኒቆሜዲያ፣ አንጾኪያ፣ ተሰሎንቄ፣ ካርቴጅ። እስክንድርያ ደግሞ የራሷን መንገድ ይዛ 12 ኑሙስ ትሠራ ነበር። ከዮስጢንያኖስ 12ኛ የንግሥና ዓመት፣ ማለትም ከ538 እስከ 539 ካለው ጊዜ ጀምሮ፣ ከፊደሉ ግራና ቀኝ የንግሥና ዓመቱ ተጻፈ። ቁስጥንጥንያ ውስጥ ደግሞ የትኛው የሥራ ክፍል እንደቀረጸው የሚያሳይ ትንሽ ፊደል አለ።

እንግዲህ አስቡት። አንድ ሰው አንድ ኤም ገዝቶ ‹‹የዮስጢንያኖስ ፎሊስ አለኝ›› ብሎ ሊያርፍ ይችላል (ፎሊስ የሚባለው ያ ባለ 40 ኑሙሱ ሳንቲም ነው)። ሌላው ደግሞ ይሄው ሳንቲም በየዓመቱ፣ በየከተማው ምን ሆነ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ክብደቱን ብቻ ብትከተሉ የሚገርም ነገር ታያላችሁ። የአናስታስዮስ የመጀመሪያው ፎሊስ ወደ 9 ግራም ነው፤ በ512 በእጥፍ አደገ። የዮስጢንያኖስ የ538ቱ ከ20 ግራም ያልፋል፣ እጅ ላይ ሲያዝ ይከብዳል። ከዚያ ቁልቁል ነው። 7ኛው ክፍለ ዘመን መሀል ላይ፣ በኮንስታንስ 2ኛ ጊዜ፣ ያው 40 የሚለው ፊደል በ4 ወይም 5 ግራም ብጥስጣሽ መዳብ ላይ ተቀርጿል። የሄራክሊየስ ሳንቲሞች ብዙዎቹ አዲስ መዳብ እንኳን አላገኙም፦ የፎካስንና የሞሪስን አሮጌ ሳንቲም ወስደው፣ አንዳንዴም ቆርሰው፣ በላዩ ላይ ቀረጹበት። ጎንበስ ብለህ ብታይ ከሕርቃል ጢም ሥር የፎካስ ስም ርዝራዥ ይነበባል።

የፋርስ ጦርነት፣ የግብፅ መያዝ፣ የሶርያ መጥፋት፣ ግምጃ ቤቱ ባዶ መሆኑ፣ ሁሉም እዚያ መዳብ ላይ አለ። ለዚህ ነው ያ ‹‹አስቀያሚ›› የተባለው ሳንቲም ለታሪክ መምህር ከኔሮ ፊት የበለጠበት። ውበቱን የሚፈልግ ሰው የተበላሸውን ይጥላል፤ ግሪርሰን የተበላሸው ሳንቲም ላይ የተበላሸበትን ምክንያት ይፈልግ ነበር።

ዲሲ ውስጥ ያለው ቤት

ጆርጅታውን አካባቢ የምትኖሩ ወይም ታክሲ የነዳችሁ ደምበርተን ኦክስን ታውቁታላችሁ፣ በአጥሩ በኩል ስንቴ እንዳለፋችሁ ልትነግሩኝ ትችላላችሁ። ትልቅ ግቢ፣ የታወቀ የአትክልት ቦታ። ሮበርት ውድስ ብሊስ የሚባል ዲፕሎማትና ባለቤቱ ሚልድረድ በ1940 ለሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሰጡት ቤት ነው። በ1944 ከነሐሴ እስከ ጥቅምት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የተጠነሰሰበት ጉባኤ የተካሄደው እዚያው ነው። ብሊሶች የባይዛንታይን ጥበብ ፍቅር ነበራቸው፣ ስለዚህ ቤቱ የባይዛንታይን ጥናት ማዕከል ሆነ።

ሳንቲሞቹ መምጣት የጀመሩት በ1940ዎቹ ነው። በ1948 የሄይፎርድ ፒርስ ስብስብ ገባ፤ ፒርስ የሜይን ግዛት ሰው ነበር፣ የታወቀ ሰብሳቢ። ከዚያ የቶማስ ዊተሞር ስብስብ አለ፦ በ1931 የኢስታንቡሏን የሐጊያ ሶፊያ ሞዛይኮች ከኖራ ሥር ማውጣት የጀመረው ሰው ነው፣ ሳንቲሞቹን ለሃርቫርድ ተወ። ዕቃው ጥሩ ነው። ግን ጥሩ ዕቃ የተከማቸበት ቤትና ስብስብ አንድ አይደሉም። ሀብታም ሰብሳቢ የሚገዛው በአብዛኛው ወርቅ ነው፤ መዳቡ፣ የዕለት ተዕለት ገበያ ገንዘቡ፣ ክፍተቱ ብዙ ነበር።

በ1955 ደምበርተን ኦክስ ግሪርሰንን የባይዛንታይን ሳንቲም አማካሪ አድርጎ ያዘው። ሥራው በአጭሩ ይሄ ነበር፦ ግዛ፣ አደራጅ፣ ካታሎግ ጻፍ። በዚያን ጊዜ ግሪርሰን ካምብሪጅ የሚያስተምር፣ ከ1948 ጀምሮ ደግሞ ብራስልስ ላይ የሳንቲም ታሪክ ፕሮፌሰር የሆነ፣ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲው ፊትዝዊሊያም ሙዚየም ውስጥም የሳንቲሞች የክብር ጠባቂ ሰው ነበር። አሁን አሜሪካ ተጨመረችበት።

ችግሩም እዚህ ጋ መጣ።

አንድ ሰው ለተቋም ሳንቲም ሊገዛ ጨረታ ይቀመጣል። ራሱም ያንኑ ዓይነት ሳንቲም ይሰበስባል። ጥሩ ነገር ሲወጣ ለማን ነው የሚገዛው? ለራሱ ከገዛ ተቋሙን ጎዳ። ሁልጊዜ ለተቋሙ ከገዛ የራሱ ስብስብ ሞተ። ‹‹እኔ እጠነቀቃለሁ›› ቢል ማን ያጣራል? ነጋዴውስ ለማን ቀድሞ ይደውል? በሐቀኝነት የታወቀ ሰው ቢሆን እንኳን ጥያቄው ራሱ ስሙ ላይ ይንጠለጠላል።

ግሪርሰን ያደረገው በ1956 የራሱን የባይዛንታይን ስብስብ ለደምበርተን ኦክስ ማስተላለፍ ነው። ከዚያ በኋላ በራሱ ስም ባይዛንታይን አልሰበሰበም። የራሱ ሜዳ ምዕራብ አውሮፓ ሆነ፣ ከሮም መንግሥት መውደቅ በኋላ ያሉት የፍራንኮች፣ የጎቶች፣ የሎምባርዶች፣ የኖርማኖች ሳንቲሞች።

ይሄንን ከባድ ውሳኔ ነው የምለው በደንብ አስቤበት ነው። ሰብሳቢ ያልሆነ ሰው ‹‹ምን አለበት፣ ሰጠ፣ በቃ›› ሊል ይችላል። የሰበሰበ ግን ያውቀዋል፤ አሥር ዓመት ሙሉ በየሱቁ፣ በየሳጥኑ ለቅሞ፣ እያንዳንዷ ከየት እንደመጣች በቃሉ የሚያውቃትን ነገር አሳልፎ መስጠት፣ ከዚያ ደግሞ ከእንግዲህ አልነካም ብሎ በር መዝጋት ቀላል አይደለም። እኔ በግሌ የማደርገው አይመስለኝም።

ግን ምን አገኘ? ያጣው የእሱ የነበረውን ያህል ነው፤ ያገኘው በሌላ ሰው ገንዘብ የፈለገውን ስብስብ የመሥራት ነፃነት ነው። ነፍሱ የምትፈልገው ባለቤትነት ቢሆን ኖሮ ይሄ ኪሳራ ነበር። እሱ የሚፈልገው ሳንቲሞቹ አንድ ላይ ተቀምጠው እንዲነበቡ ነበር፣ ስለዚህ አተረፈ።

ክፍተት መግዛት

ቀጥሎ ያለው የሥራው ዘዴ ነው፣ ለእኔ የጉዳዩ ጣፋጭ ክፍል።

ግሪርሰን ለደምበርተን ኦክስ ሲገዛ የሚያድነው የጎደለውን ነበር። የአንድ ንጉሥ አሥር ቆንጆ ወርቅ ካለ አሥራ አንደኛ አያስፈልግም፤ ግን የኒቆሜዲያ 7ኛ ዓመት መዳብ ከሌለ፣ ያረጀም የተቀደደም ቢሆን ይገዛል። ሙሉ ስብስቦችም ተገዝተዋል፦ በ1960 የሊዮ ሺንድለር የቪየና ስብስብ ገባ፣ ጉልበቱ መዳብ ላይ የነበረ። የጣሊያኑ ዲፕሎማት የቶማሶ በርተሌ ስብስብ ደግሞ የመጨረሻዎቹን የፓሌዮሎጎስ ሥርወ መንግሥት ሳንቲሞች አመጣ፣ ማንም ሊመድባቸው ያልቻለውን ዘመን።

የደምበርተን ኦክስ የባይዛንታይን ሳንቲሞች ዛሬ ወደ 12,000 ይጠጋሉ። ካታሎጉ ከ1966 እስከ 1999 ድረስ በአምስት ተከታታይ ክፍል ወጣ። የመጀመሪያውን የዬሉ አልፍሬድ ቤሊንጀር፣ አራተኛውን ማይክል ሄንዲ፣ ሦስቱን ራሱ ግሪርሰን አዘጋጀ። ከአናስታስዮስ በፊት ያለው የሮም መጨረሻ ዘመን ደግሞ፣ ከ395 እስከ 491 ያለው፣ ከሜሊንዳ ሜይስ ጋር በ1992 ለብቻው ወጣ። ዛሬ አንድ ነጋዴ የባይዛንታይን ሳንቲም ሲሸጥ ከሥሩ የሚጽፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ የዚህ ካታሎግ ቁጥር ነው። ያኔ አማካሪ ሆኖ የገባ ሰው ሥራ፣ ዛሬ ገበያው ራሱ የሚናገርበት ቋንቋ ሆኗል።

ግን ብዛቱ ብቻ ምን ይሠራል ለሚል ሰው አንድ ምሳሌ ልስጥ። የወርቁን።

ቆስጠንጢኖስ ያስጀመረው ሶሊዱስ የሚባለው ወርቅ ከአንድ የሮም ፓውንድ 72 ይወጣ ነበር፣ አንዱ ወደ 4.5 ግራም። ለሰባት መቶ ዓመት ያህል ጥራቱ አልተነካም ማለት ይቻላል። ሕንድ ድረስ የሚታመን ገንዘብ ነበር። ከዚያ 11ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ወርቁ መቀላቀል ጀመረ። መቼ? በማን? ስንት በመቶ? መልክ አይቶ መናገር አይቻልም፤ ሳንቲሙን አቅልጦ መመርመር ደግሞ ማጥፋት ነው።

ግሪርሰን በ1954 በጻፈው ጥናት የተጠቀመው ዘዴ ከአርኪሜድስ ጀምሮ የታወቀ ነው። ሳንቲሙን በአየር መዝን። ከዚያ በክር አንጠልጥለህ ውኃ ውስጥ መዝነው። ልዩነቱ የያዘውን ቦታ ይነግርሃል። ንጹሕ ወርቅ እኩል ቦታ ከሚይዝ ውኃ 19.3 እጥፍ ይከብዳል፣ ብር 10.5 እጥፍ። መሀል ላይ የወደቀው ቁጥር ምን ያህል ብር እንደገባበት ይናገራል። ሳንቲሙ ይደርቅና ወደ ቦታው ይመለሳል። በቃ።

ውጤቱ ቁልቁል የሚወርድ ደረጃ ነው። በቆስጠንጢኖስ 9ኛ ዘመን መጨረሻ፣ 1055 አካባቢ፣ ወደ 18 ካራት ወርዷል (ንጹሕ ወርቅ 24 ካራት ነው)። በኒኪፎሮስ 3ኛ ጊዜ፣ ከ1078 እስከ 1081፣ 8 ካራት ገደማ። አሌክሲዮስ 1ኛ ሲነግሥ ወርቅ የሚባለው ነገር ስሙ ብቻ ቀረ፤ በ1092 አዲስ ገንዘብ አውጥቶ ወደ 20 ተኩል ካራት መለሰው። ከግሪርሰን በኋላ የፈረንሳይዋ ሴሲል ሞሪሶን በተሻለ መሣሪያ ቁጥሮቹን አስተካክላለች፤ ደምበርተን ኦክስ ላይ አማካሪነቱን የተረከበችውም እሷ ናት። መንገዱን የከፈተው ግን ሚዛንና ብርጭቆ ውኃ ነው።

አሁን ልብ በሉ። ይህን ጥናት የሚሠራ ሰው ከየንጉሡ አንድ የሚያምር ሳንቲም ቢኖረው አይበቃውም። ብዙ ያስፈልገዋል፣ ተራ ተራውን፣ የሚመዘነውን። ሰብሳቢ ‹‹ደጋሚ ነው›› ብሎ የሚሸጠው ሳንቲም ለእሱ ማስረጃ ነው።

ባይዛንታይንን የለቀቀ ሰው መጨረሻ

አውሮፓን ሲሰበስብም ዘዴውን አልቀየረም። ከየአገሩ፣ ከየዘመኑ፣ ከየዓይነቱ። ካምብሪጅ በ1971 የሳንቲም ጥናት ፕሮፌሰር አደረገችው። ስብስቡ ቤቱ የተቆለፈ አልነበረም፣ ፊትዝዊሊያም ሙዚየም ተቀምጦ ተማሪና ተመራማሪ ያየው ነበር። በ1986 ከማርክ ብላክበርን ጋር የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሳንቲሞች ታላቅ ካታሎግ የመጀመሪያው ክፍል ወጣ፤ ሥራው ከሞተ በኋላም ቀጠለ።

ጥር 15 ቀን 2006 አረፈ። ከ20,000 በላይ የሆነው ስብስብ በኑዛዜው ለፊትዝዊሊያም ሙዚየም ተላለፈ። ጋዜጦች ከ5 እስከ 10 ሚሊዮን ፓውንድ ያወጣል ብለው ጻፉ። ሰው የሚያስታውሰው ይሄንን ቁጥር ነው፣ ምክንያቱም አምስት ፓውንድና አምስት ሚሊዮን አጠገብ ለአጠገብ ሲቀመጡ ወሬ ያምራል። ግን ለመሸጥ ያልተሰበሰበ ነገር ዋጋው የሚታወቀው ሲገመት ብቻ ነው፤ እሱ ከዚህ ውስጥ አንዲት ሳንቲም እንኳን ትርፍ ብሎ አልቆጠረም።

የማይወራው ጎን

ጉዳዩን እያሞገስኩ ብቻ ብጨርስ ልክ አይሆንም። አንድ ትልቅ ጎደሎ አለው፣ የእሱ ብቻ ሳይሆን የትውልዱ ሁሉ።

በ1945 ስፒንክ ውስጥ ሳጥን ሙሉ የባይዛንታይን መዳብ ሲቀመጥ ‹‹ከየት መጣ?›› የሚል አልነበረም። ከየትኛው መንደር፣ ከየትኛው ማሰሮ፣ ከምን ጋር ተቀብሮ? አብዛኛው አይታወቅም። አንድ ክምር ሳንቲም አብሮ ተቀብሮ ቢገኝ የቀበረው ሰው መቼ እንደሸሸ፣ ምን ዓይነት ገንዘብ በአንድ ጊዜ ይዘዋወር እንደነበር ይናገራል። ነጋዴ ከበተነው በኋላ ግን ያ ሁሉ ጠፋ፣ የቀረው ዓይነቱ ብቻ ነው። ግሪርሰን ከዓይነቱ ሊወጣ የሚችለውን ሁሉ አወጣ፤ ከቦታው ሊወጣ የሚችለውን ግን ማንም ሊመልሰው አይችልም።

ዛሬ በዚያ መንገድ መጀመርም አይቻልም፣ መሞከርም የለበትም። በ1970 ዩኔስኮ የባህል ቅርስ ሕገወጥ ዝውውርን የሚከለክል ስምምነት አወጣ። አሜሪካ ከቡልጋሪያ የሚመጡ የተወሰኑ የጥንት ሳንቲሞች ያለ ፈቃድ እንዳይገቡ በ2014 ከለከለች፣ የቱርክ በ2021 ተከተለ። ቡልጋሪያና ቱርክ ማለት የባይዛንታይን መሬት ልብ ማለት ነው። እስራኤል ላላችሁ ደግሞ፦ እዚያ በ1978ቱ ሕግ መሠረት ከዚያ በኋላ ከመሬት የሚወጣ ጥንታዊ ዕቃ የመንግሥት ነው፣ ያገኘ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ልጆቻችሁ ሜዳ ላይ ትንሽ አረንጓዴ መዳብ ቢያነሱ ኪስ ውስጥ የምትገባ ነገር አይደለችም።

እንግዲህ ዛሬ መጀመር የሚፈልግ ሰው ከዚህ ጉዳይ ምን ይወስዳል? እኔ የምወስደውን ልናገር። የሮም መጨረሻ ዘመን መዳብ፣ የቆስጠንጢኖስና የልጆቹ ዘመን ትንንሽ ሳንቲም፣ ዛሬም ብዙ አለ፣ ዋጋውም ከባድ አይደለም። ‹‹ያልጸዳ›› ተብሎ በኪሎ የሚሸጠውን ግን አልገዛም፤ ማን አወጣው፣ ከየት አወጣው ለሚለው መልስ የለውም፣ ብዙ ጊዜም መልሱ አስቀያሚ ነው። በድሮ ጨረታ ላይ የታየ፣ አሮጌ የሰብሳቢ ካርድ ያለው፣ ደረሰኝ ያለው አንድ ሳንቲም ከሃምሳ ስማቸው ከማይታወቅ ይሻለኛል። ካርዱንም እንዳትጥሉ! አንዳንዱ ሰው ሳንቲሙን አውጥቶ ካርዱን ይጥላል፤ ለነገው ሰው የሚጠቅመው ካርዱ መሆኑን አያውቅም።

ጠባብ ጥያቄም ይሻላል። አንድ ከተማ፣ አንድ ንጉሥ፣ አንድ ዋጋ። ለምሳሌ የፎካስ ስምንት ዓመት። ፎካስ በብዛት ኤምን ትቶ 40ን በሮማውያን ቁጥር፣ በአራት ኤክስ፣ ጻፈ፤ ይሄን ብቻ በየከተማው መከተል ለአንድ ሰው ይበቃዋል፣ ደመወዝም አይበላም። ዕቃው በሕግ የተገኘ እስከሆነ ድረስ ማለት ነው።

የአክሱም ነገር መነሳቱ አይቀርም፣ ሁልጊዜ ይጠየቃል። አክሱም በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በእንዱቢስ ጀምራ በወርቅ፣ በብርና በመዳብ የራሷን ሳንቲም ቀረጸች፣ ወርቋም ላይ በግሪክ ጻፈች፣ ከሮም ጋር ንግድ ስለነበራት። አፄ ካሌብና ንጉሠ ነገሥት ዮስጢኖስ የአንድ ዘመን ሰዎች ናቸው፣ ሳንቲሞቻቸውን ጎን ለጎን ማጥናት የሚያጓጓ ነው። የአክሱም መዳቦች ኢየሩሳሌም ድረስ ተገኝተዋል። ግን እነዚህን ከአገር ቤት ‹‹ዘመድ አመጣልኝ›› ብሎ መግዛት ሌላ ነገር ነው። በእኛ 1992 የወጣው የቅርስ አዋጅ፣ ቁጥር 209፣ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፣ ሳንቲምም ቅርስ ነው። የአክሱም ሳንቲም ማየት የሚፈልግ አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ይሂድ፤ ለንደን ያለ የብሪቲሽ ሙዚየምን ይጠይቅ። ዲሲ ያለ ሰው ደግሞ የባይዛንታይኑን ለማየት ከቤቱ እንኳን መውጣት የለበትም፣ ደምበርተን ኦክስ ከሳንቲሞቹ ብዙዎቹን ከነፎቶና ከነክብደታቸው ኢንተርኔት ላይ አስቀምጧቸዋል፣ ግሪርሰን በ1956 ያስረከባቸውም በዚያው ስብስብ ውስጥ ናቸው።